ከሰልፉ መጨረሻ የቆመው

«አንተ ነህ የጨመርከው!»

«አይደለሁም አልኩህ!»

«ታዲያ ማን ነው? ግድግዳው አርግዞ ወለደው?»

ልዑል ይህን ሲለኝ ሸሚዜን ደረቴ ላይ ጨምድዶ ይዞ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮቹ ዙሪያችንን ከበው ይስቃሉ።

«በለው! ሰዓሊ ከሰዓሊ ሲደባደብ አይተን አናውቅም!» ይላል አንዱ።

ጊዜው ባለፈው ግንቦት ነው። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት። ቦታው ሸዋሮቢት፣ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ የጋሽ ነጅሙዲን የሽንኩርት መጋዘን ግድግዳ ፊት።

ሰዓቱን ልብ በሉልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሁልጊዜ ሌሊት ነው፤ ሁልጊዜ ጨለማ ነው። የእኔ ግን ቀትር ነው... የሮቢት ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ ውሻ እንኳ ከቆመ መኪና ሥር በማይወጣበት ሰዓት። አልጠጣሁም፣ ጫት አልቃምኩም፣ እንቅልፍም አልነበረብኝም። ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ፍፁም እባላለሁ። ከልዑል ጋር ማስታወቂያ እንጽፍ ነበር። የጁስ ቤት ማንጎ፣ የጸጉር ቤት መቀስ፣ በአይሱዙ ጀርባ ላይ የሚጻፍ ጥቅስ... እኔ በብሩሽ፣ እሱ በስፕሬይ።

ልዑል አዲስ አበባ ሠርቶ ሲመለስ ፊደልን እንደ ፊኛ መንፋት፣ እንደ ነበልባል ማንቀልቀል ተምሮ መጣ። ከዚያም ማንም ያላዘዘውን ግድግዳ ላይ መሳል ጀመረ። «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ከሚል ጽሑፍ ሥር፣ ቀበቶውን እንደፈታ ደንግጦ የዞረ ሰውዬ ሳለ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ የሚሸና ጠፋ።

ማዘጋጃ ቤት ግን ጠርቶ አስጠነቀቀው።

«ባለቤቱ ሳይፈቅድ የሰው ግድግዳ መቀባት ያስጠይቃል» አሉት።

«ሽንቱስ ፈቃድ ነበረው?» አለ ልዑል።

ስቀው ለቀቁት።

የመጋዘኑን ግድግዳ የሳለው በሌላ ዘዴ ነው። ግድግዳው ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ወደ አፋር በረሃ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ፊቱ የቆመ ሰው ጥላ በቁመቱ ያርፍበታል። ልዑል ሾፌሮቹን በየተራ እያቆመ የጥላቸውን ዙሪያ በከሰል ያሰምርና ውስጡን በጥቁር ስፕሬይ ይሞላዋል። ጀሪካን ያንጠለጠሉ፣ ነዳጅ ለመቅዳት የተሰለፉ ሰዎች። የፊተኛው ጢሙ እስከ ጉልበቱ ወርዷል። ከላይ በተነፋ ፊደል «ስንሰለፍ ጎረምሶች ነበርን» ይላል።

ከተማው በሙሉ ስቆበታል።

የሰልፉ የመጨረሻ ሰው ሳልህ የሚባል ሾፌር ነበር። ከሳልህ ፊት ራሱ ልዑል። ከልዑል ፊት እኔ።

የዚያን ቀትር ግን ከሳልህ ኋላ አንድ ሰው ተጨምሮ አገኘን።

ረጅም ነው። ጀሪካን የለውም። በቀኝ እጁ መጥረቢያ አንጠልጥሏል።

«ይሄማ ማገዶ ፈላጊ ነው፤ ሰልፍ ተሳስቶ ነው!» አለ ሳልህ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

ልዑል ሸሚዜን ለቀቀና ወደ ግድግዳው ቀረበ። እኔም ተከተልኩት።

መጀመሪያ ያየሁት ዝንቡን ነው። በሌሎቹ ሥዕሎች ላይ አንድም ዝንብ የለም። እሱን ግን ከወገቡ በላይ ወርረውታል።

ቀጥሎ እግሩን አየሁ። የእኛ ሰዎች እግር ከመሬት ከፍ ብሎ ነው የሚያልቀው። የእሱ ግን ወርዶ ወርዶ... አፈሩ ውስጥ ገብቷል።

ልዑል መዳፉን የሥዕሉ ሰውዬ ደረት ላይ አሳረፈና ወዲያው መለሰው።

«ንካው» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምነው?»

«ዝም ብለህ ንካው።»

በዚያ ሰዓት ግድግዳው እጅ ያቃጥል ነበር። ጥቁሩ ግን በረዶ ነው... ከጉድጓድ እንደወጣ ድንጋይ።

ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም ቀልድ እንዳልሆነ የገባን።

ጋሽ ነጅሙዲን ከመጋዘኑ ወጡ።

«ስሙ እናንተ ልጆች። ሳትጠይቁኝ ስትስሉ ዝም አልኩ። ወላሂ እኔም ስቄያለሁ። ይሄን ባለ መጥረቢያ ግን ደጄ ላይ አላሳድርም። ኖራ አለኝ፤ አሁኑኑ ደምስሱት።»

«ነገ ጋሼ» አለ ልዑል። «ዛሬ ፀሐዩ ገደለን።»

«ነገ ካላጠፋችሁት በፖሊስ ነው። በኋላ ተቀየምን እንዳትሉ።»

ተበታተንን። ሳልህ ባጃጁን አስነሥቶ ሰው ሊያደርስ ወደ ጀውሃ ሄደ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ደረሰን።

ሳልህን፣ መንገደኛውን ካወረደ በኋላ፣ ጀውሃ መግቢያ ላይ፣ ከማሽላ ማሳ ዳር አገኙት። የባጃጁ ሞተር አልጠፋም። ኪሱ አልተነካም። ከኋላ በአንድ ምት ነው... አንገቱ ከትከሻው በቆዳ ብቻ ተያይዞ ነበር። መንገዱ ላይ ሰው ሞልቷል፤ ማንም ምንም አላየም። ፖሊስ ያገኘውን ይዞ ሲጠይቅ አመሸ።

ረቡዕ ጠዋት ሬሳው ገና ሳይመጣ ልዑል በሬን ደበደበ።

«ተነሥ።»

«ምን ሆነሃል?»

«ሰልፉ ተንቀሳቅሷል።»

በሩጫ ደረስን። በሳልህ ቦታ ላይ የሳልህ ሥዕል ቆሟል፤ ጀሪካኑን እንደያዘ። ጭንቅላቱ ግን የለም። ጭንቅላቱ እግሩ ሥር ነው፤ ጥቁር፣ ክብ፣ ወደ ጎን የተንጋለለ።

ረጅሙ ሰውዬ ሳልህን አልፎታል።

አሁን የቆመው ከልዑል ኋላ ነው። መጥረቢያውም እንደ ትናንቱ የተንጠለጠለ አይደለም። ከትከሻው በላይ ተነሥቷል።

ልዑል የራሱን ሥዕል አየ። ከዚያ አንገቱን በእጁ ዳበሰ። የሚያሳክከው ነገር ያለ ይመስል ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ሐምዲያ የጁስ ቤቷን እየከፈተች ነበር። ማስታወቂያዋን እኛ ነን የሠራንላት።

«ሐምዲያ» አልኳት፤ «ማታ እዚህ ግድግዳ ጋ የመጣ ሰው አይተሻል?»

«ማታ እንኳ ቤቴ ነኝ። ትናንት ጠዋት ያቆማችሁትን ረጅሙን ሰውዬ ነው?»

«ያቆምነው ሰው የለም።»

«እንዴ! ያ ቀጥ ብሎ ፀሐይ የፈጀው? ወላሂ አሳዝኖኝ ውሃ ልስጠው ብዬ ነበር።»

«ማን ነበር የሚስለው?»

«ማንም።» ሐምዲያ መጥረጊያዋን አቆመች። «ብቻውን ቆመ... ቆመ... ከዚያ ሄደ። ጥላው ግን...»

«ጥላው ምን?»

«አልሄደም» አለች። ከዚያ ራሷ የተናገረችው አሁን ገና የገባት ይመስል «አዑዙ ቢላህ!» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ልዑል ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ።

«አዲስ አበባ ልሂድ?»

«ሂድ። መኪና አሁን ይገኛል።»

«ጥላዬ እዚህ ቀርቶ?»

ወደ ሳልህ ሥዕል ዞርኩ።

«ሳልህም ጀውሃ ነበር» አለ። «ሩቅ መሆን አላዳነውም። ኖራውን አምጣ።»

ጋሽ ነጅሙዲን ነገሩን ሲሰሙ የኖራውን በርሜል ከፍተው እንዲጣበቅ ጨው የገባበትን ኖራ በባልዲ በባልዲ እየቀዱ ሰጡን። በጥብጠን፣ አጥልለን፣ ግድግዳውን በውሃ አርሰን ስንጨርስ ፀሐይ አናታችን ላይ ደርሳ ነበር።

እንግዲህ የእኛን ሙያ ለማታውቁ... ጥቁር ነገር በአንድ እጅ ኖራ፣ ማለት በአንድ ዙር ቅብ፣ አይሸፈንም። አንዱ እጅ ይደርቅና ሌላው ይደገማል። ስለዚህ ቀቢ ሁሉ ከጥቁሩ ነው የሚጀምረው። ሌላው ሌላው እሱ እስኪደርቅ ይሠራል። ልማድ ነው፤ እጅ ያለ ሐሳብ የሚያደርገው ነገር።

ሰውዬው ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ጥቁር ነበር።

«እሱን እናስቀድም» አለ ልዑል።

«እሱን እናስቀድም» አልኩ እኔም።

ዝንቡን አባርረን በሁለት ብሩሽ ወረድንበት። ኖራ እርጥብ ሳለ ሥሩን ያሳያል፤ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። በመጀመሪያው እጅ ሰውዬው እንዳለ ይታይ ነበር፤ በወተት ውስጥ እንዳለ ሰው። ከራሱ ጀምሮ እየደረቀ መጣ። አናቱ ጠፋ... ትከሻው ጠፋ...

ሁለተኛውን እጅ ስንደርብ እንደገና እርጥብ ሆነ፤ እንደገና ታየ።

«ፍፁም» አለ ልዑል ቀስ ብሎ።

«ምን?»

«እጁ ወደ ላይ አልነበረም እንዴ?»

አየሁ። እጁ ወርዷል። ጣቶቹ ባዶ ናቸው። መጥረቢያው የትም የለም።

«ዝም ብለህ ቀባ» አልኩት።

ቀባን። ፀሐይዋ መጠጠችው። ትንሽ ቆይቶ እዚያ ቦታ ላይ ነጭ ግድግዳ ብቻ ቀረ፤ ጠፍጣፋ፣ ደረቅ፣ ዓይን የሚያጥበረብር። ልዑል መዳፉን አሳረፈበት።

«ሞቋል!» ብሎ ጮኸ። «ፍፁሜ፣ ግድግዳው ሞቋል! ሰውዬው ሰልፉን ለቀቀ!»

አቀፈኝ። ሁለታችንም እንደ እብድ ሳቅን። ከማዶ ሐምዲያ «አልሐምዱሊላህ!» ስትል ሰማኋት።

«የእኔን ሸፍነው» አለኝ። «ኖራው ወፍሯል፤ ውሃ ላምጣ።»

ባልዲውን አንሥቶ ከግድግዳው ጀርባ ወዳለው የውሃ በርሜል ዞረ።

ብሩሼን ነክሬ ወደ ሥዕሉ ዞርኩ። ጎፈሬው፣ ቀጭን ወገቡ፣ ጀሪካኑ... ከሥዕሎቹ ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነበር።

ብሩሹ ሳይነካው አንገቱ ላይ ነጭ መስመር አየሁ።

እንደ ፀጉር ቀጭን ናት። ከማጅራቱ ጀመረች... ወደ ጉሮሮው ሄደች። እያየኋት። ማንም ሳይነካት።

«ልዑል!»

ከግድግዳው ጀርባ አንድ ድምፅ መጣ። እንጨት ሲፈለጥ ሰምታችኋል? እርጥብ እንጨት፣ መጥረቢያው ይዞ ሲቀር? ያ ነው። አንዴ። ቀጥሎ ባልዲው ወደቀ። ቀጥሎ ሌላ ምት። ሌላ።

ዞሬ ስደርስ ልዑል በርሜሉን ተደግፎ ተቀምጧል። የግራ እጁ ክንዱ ላይ ተሰንጥቆ አጥንቱ ይታያል፤ ሊከላከል አንሥቶት ነበር። አንገቱ ከጎን ተከፍቷል። ደሙ በመጣ ቁጥር ፊቴ ላይ ይረጫል፤ ትኩስ ነው። የፈሰሰው ውሃና ደሙ ተቀላቅለው በኖራው ጭቃ ላይ ይሄዳሉ። በጭቃው ላይ የልዑል ጫማ ዱካ አለ። ሌላ የማንም ዱካ የለም።

ሸሚዜን ቀድጄ የአንገቱን ቁስል ደፈንኩለት። ጨርቁ ደሙን ወዲያው ጠጣው። በሁለት እጄ ያዝኩት፤ በጣቶቼ መካከል አለፈ።

ልዑል ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ሸፈንከኝ?»

«አዎ» አልኩት። «ሸፍኜሃለሁ። ነጭ ሆኗል። ምንም አይታይም።»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተፈታ። ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ከበደ።

ከዚያ ሰው መጣ። ሾፌሮቹ፣ ከአውቶቡስ የወረዱ መንገደኞች፣ ሐምዲያ ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ። ጋሽ ነጅሙዲን ጥምጥማቸውን ፈትተው «እሰሩት! እሰሩት!» ይላሉ፤ የሚታሰር ነገር እንደሌለ እያዩ። አንዱ ሾፌር አንገቴን ይዞ «ምን አደረግከው?» እያለ ይነቀንቀኛል። ሌላው ያስለቅቀዋል። ሁሉም የሚጮኸው ወደ መሬት፣ ወደ ጭኔ እያየ ነበር።

እኔ ብቻ ቀና አልኩ።

በአስፋልቱ ዳር ሁለት ሰዎች ወደ ጣርማ በር፣ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ይሄዱ ነበር። የኋለኛው ረጅም ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ። ከክርኑ ኖራው ገና ይንጠባጠብ ነበር። የፊተኛው ጎፈሬውን በእጁ ያስተካክላል፤ ልዑል ሥራ ጨርሶ ወደ ቤት ሲሄድ እንደሚያደርገው።

አንዲት ባጃጅ ከኋላቸው መጥታ ጥሩምባ ነፋች። ሁለቱም ዳር ያዙላት።

አለፈቻቸው። ሾፌሩ ዞሮ እንኳ አላየም።