ከጋቢው ጀርባ የቀረበ ማዕድ

ጋቢው ሲወርድ ፊታውራሪ ውዱ ሞተው ነበር። አንገታቸው ወደ ኋላ ተቆልምሟል፤ ጥርሳቸው ገጥሟል፤ የሻይ ሲኒያቸው ወለሉ ላይ ተሰባብሯል።

ቦታው ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ፎቅ ላይ፣ ሚስተር ቼን የሚባል ቻይናዊ የከፈተው ምግብ ቤት ነበር። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የተነጠፈበት፣ ጫማው ያረጀ ሰው ደረጃውን እንዳይረግጥ ዘበኛ የቆመበት ቤት ነው። ዲም ሰም የሚሉት፣ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በቀርከሃ ሙዳይ በእንፋሎት የሚበስል ምግብ እሑድ ቀትር ላይ ይቀርባል። ሹማምንቱ የሚመጡት ለመብላት ሳይሆን በሉ ለመባል ነው።

ፊታውራሪ ግን ሰው ፊት በልተው አያውቁም። እንደ ጥንቱ መኳንንት ዓይን እንዳያያቸው በሁለት ወንበር ላይ ጋቢ አስወጥረው፣ ከጀርባው ተቀምጠው ነበር።

መርማሪው ሻምበል ክንዱ ሲደርስ፣ አለቃው የሆነው የፖሊስ ሻለቃ ቼንን በካቴና አስሮታል። መንገድ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ «ቻይናውን አውጡልን!» ይላል።

«አለቀ እኮ» አለ ሻለቃው። «ሐኪሙ መርዝ ነው ብሏል። ለብቻቸው የተሠራ ሙዳይ ነበር፤ የሠራው ደግሞ እሱ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ሰዎቹን ላነጋግር፣ ጌታዬ።»

«አነጋግር። ሻምበል እንደሆንክ የምታረጀው ተወው ሲሉህ ስለማትተው ነው።»

ክንዱ ለምዶታል።

መጀመሪያ የሟችን ባለቤት ወይዘሮ አባይነሽን ጠየቀ።

«ከጋቢው ጀርባ እነማን ገቡ፣ እመይቴ?»

«እኔ እጃቸውን አስታጥቤ ወጣሁ። ቻይናው ሙዳዩን አስቀምጦ፣ ሻይ ቀድቶ ወጣ። የእህታቸው ልጅ ፋንታሁን ግን አጠገባቸው ቆሞ ያሳልፍ ነበር።»

«ምነው፣ አሳላፊ ጠፋ?»

«‹እኔ እያለሁ ማን ያሳልፍልዎታል› ብሎ ነዋ! ሸጋ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተምሮ መጥቶ እንኳ ወጉን አልረሳ።»

«ግብዣው ለምን ነበር?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የጠዳን ርስት ነገ በሽማግሌ ፊት ለልጃችን ለአምሳል ሊያወርሱ ነበር። ዛሬ የጠሩን ይህንኑ ሊነግሩን ነው፤ ወሬውን ግን ቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ ሰምቷል።»

የሟች የቆየ ወዳጅ፣ ነጋዴው ሐጂ አብዱልጀሊል፣ ከንፈራቸውን በመሐረብ ይጠራርጉ ነበር።

«ምን ሆነው ነው፣ ሐጂ?»

«ያ ሻይ ነው! ከእሳት ወርዶ ቀጥታ ሲኒ ውስጥ። ስኳር የለው፣ ምን የለው፤ እሬት ነው። አንዴ ፉት ብል ከንፈሬን ላጠኝ።»

«ፊታውራሪም የቀረበላቸው ከዚሁ ነው?»

«ከዚሁ ማንቆርቆሪያ። ለእኔ ቀድቶ፣ ወዲያው ዞሮ ለሳቸው ቀዳ።» ሐጂ ወደ ቼን አዩ። «የክርስቲያን ሥጋ እንደማልበላ ሰምቶ ጎመን ያለበትን ለይቶ ሠራልኝ። ምስኪን።»

ፋንታሁን ክራቫቱን እያስተካከለ ቀረበ።

«አጎትዎ ምን ምን በሉ?» አለው ክንዱ።

«ሙዳዩ ውስጥ ያለውን ነዋ። ሻዩ ንጹሕ ነው፤ ቻይናው እንደ ቀዳው፣ እንደ ወጋችን መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀምሼ ነው የሰጠኋቸው። ይኸው አለሁ! ይህን ለማወቅ ትምህርት ያስፈልጋል እንዴ?»

«በየትኛው መዳፍ?»

«በግራው። በቀኜ ሲኒ ይዣለሁ።»

ክንዱ አመስግኖ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠ። የውጭው ጩኸት በርትቷል።

«የፊታውራሪ አሳላፊ ጠጅ ሲያቀርብ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል» ብሎ ጀመረ። «ጠጅ ቀዝቃዛ ነው። ይህ ሻይ ግን በዚያችው ደቂቃ የሐጂን ከንፈር ልጧል። ፋንታሁን፣ የግራ መዳፍህን አሳያቸው።»

ፋንታሁን የቃጠሎ ምልክት የሌለበትን መዳፉን ጨበጠ። «ትንሽ... ቀዝቅዞ ነው።»

«‹እንደ ቀዳው› ብለሃል። ጠጅ ሲቀመስ እያየህ ስላደግህ፣ ስትዋሽ የጠጁን ወግ ለፈላ ሻይ አለበስከው።»

«አሳላፊ ሳይቀምስ ቀመስኩ ቢልስ?» አለ ሻለቃው። «ስንፍና ነው እንጂ ነፍስ ማጥፋት ነው?»

«ሰነፍ ቢሆን ዝም ይል ነበር፣ ጌታዬ። ሻዩን የጠረጠረ ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ሳልጠይቀው ንጹሕ ነው ብሎ ቆመለት። ምሬቱ መርዝ ይደብቃል፤ ሲኒው ደግሞ ተሰብሮ ማስረጃው ፈሷል። ሻዩ ንጹሕ ከተባለ ጥፋቱ የምግቡ ነው፤ ምግቡ ደግሞ የቼን። ሻዩን ነጻ ማውጣት የሚጠቅመው ሲኒው ውስጥ የጨመረውን ሰው ብቻ ነው። ርስቱ ነገ ያመልጠው የነበረውም እሱው ነው።»

ፋንታሁን ብድግ አለ። «የእናቴም መሬት ነበር! ያንተ ነው፣ ያንተ ነው እያሉ አሳድገውኝ ለሴት ልጅ!»

«አንተ ልጅ!» አለች አባይነሽ።

ሻለቃው ካቴናውን ከቼን እጅ ወደ ፋንታሁን እጅ አዛወረው። በሪፖርቱ ላይ ገዳዩን የያዘው ተብሎ የማን ስም እንደሚገባ ክንዱ ያውቃል።

ቼን የእጁን አንጓ እያሸ ወደ እንግዶቹ ዞረ። «አሁን ማን ይበላል?»

ሐጂ ከዘራቸውን ፈለጉ። አባይነሽ ነጠላዋን ተከናነበች። ይቅርታ ያለው ሰው የለም፤ ሁሉም ደረጃውን ወረደ።

ቼን ወጥ ቤት ገብቶ አንድ ትኩስ ሙዳይ አመጣና ክንዱ ፊት አስቀምጦ ክዳኑን ገለጠ። ክንዱ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። የሰውየውን ንጽሕና ከእሱ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም።

እጁ ግን አልተነሣም።