ሃያ ሦስት ማለት ይሄ ነው

አስካል ተናዳለች። ጉንጯ ተነፍቷል። እግሯ መሬቱን ይመታል። ዱብ! ዱብ! ዱብ!

እኔም ብሆን እናደድ ነበር። አባቷ የገብስማን እግር በገመድ አስሯል። ገብስማ ደግሞ የአስካል ዥንጉርጉር ዶሮ ናት።

«ነገ ፋሲካ ነው» አለ አባቷ። «ገብስማ እንቁላል አትጥልም፤ ለወጥ ትሁን። ሌላዋ፣ ቀይ፣ ጎበዝ ናት። በየቀኑ ስትጥል እሰማታለሁ።»

ቀይ አጥሩ ላይ ወጥታ ጮኸች። «ቋ ቋ ቋ ቋቅ!»

ቀይ እንደሆነች አፍ ብቻ ናት። አንድ እንቁላል ጥላ ሰፈሩን ታውካለች፤ ሳትጥልም ታውካለች። ገብስማ ግን እንቁላሏን ጥላ ዝም ነው።

«አባዬ፣ እንቁላል የምለቅመው እኔ ነኝ» አለች አስካል። «ነጩ የገብስማ ነው፣ ቡኒው የቀይ። ገብስማ ሃያ ሦስት ጥላለች። ቀይ አራት።»

«እሺ እሺ» አለ አባቷ፣ ቢላዋውን እየሳለ። በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው።

«ሃያ ሦስት እኮ ነው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

«ቋ ቋ ቋ ቋቅ!» አለች ቀይ።

አሁን የአስካል ደም ፈላ። ዱብ! ዱብ! ዱብ! ጓዳ ገባች።

በጾም እንቁላል የሚበላ የለም። የተጣለው ሁሉ ጤፍ ውስጥ ተቀብሮ ፋሲካን ይጠብቃል። አስካል ጤፉን ፈልፍላ እንቁላሉን አወጣች።

ቡኒዎቹን ከደጃፉ ጀምራ በመስመር ደረደረች። መስመሩ አንድ ስንዝር ሄዶ ቆመ።

ነጮቹንም ከጎናቸው፣ ከዚያው ከደጃፉ ጀመረች። ተናዳለች፣ ግን ቀስ ብላ ነው የምታስቀምጠው። እንቁላል ቁጣ አይችልም።

ነጩ መስመር ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና አባቷ ጫማ ሥር ደረሰ።

አባቷ ቢላዋውን አስቀመጠ። አጭሩን አየ። ረጅሙን አየ።

«ይሄ ሁሉ የገብስማ ነው?»

«ሃያ ሦስት ማለት ይሄ ነው» አለች አስካል። «ነግሬህ ነበር።» ዱብ!

«ነግረሽኛል» አለ አባቷ። «ጆሮዬ ሰማ እንጂ ልቤ አልሰማም። ሳየው ነው የገባኝ። ይቅርታ ልጄ።»

ገመዱን ከገብስማ እግር ፈታ። ከዚያ ገመዱን እንደያዘ ወደ አጥሩ ዞር አለ።

ቀይ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

ማታ አባቷ አስካልን ጋቢ አለበሳት። ገብስማ ጥግ ላይ ተኝታለች።

«አሁንም ተናደሻል?»

«አዎ።»

«ምን ያህል?»

አስካል ሁለት ጣቷን አራርቃ አሳየችው። «ይሄን ያህል።»

አባቷ ግንባሯን ሳማት። ጣቶቿ ተቀራረቡ፣ ተቀራረቡ፣ ተቀራረቡ። ሲነካኩ እንቅልፍ ወሰዳት።