የጎረቤት ወንበሮች

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ! ኦዳሊስ ክንፍ የምታወጣበት ጋ ስትደርሺ ደግሞ ትንሽ ቆም በይ፤ ሰው በጉጉት ይጠብቅ።»

አጎቷ ኤበርቶ ይህን ሲላት ያርሌኒስ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ ወለል ወለሉን ታያለች። ነገ ከሰዓት በኋላ ልቦለዱ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይመረቃል፤ ያቺን ገጽ የምታነበው እሷ ናት። የቤተሰባቸውን ታሪክ ለመጻፍ አጎቷ ዓመታት ፈጅቶበታል። በማግዳሌና ወንዝ ዳር ባለችው ትንሿ ከተማቸው መጽሐፍ የጻፈ ሰው ታይቶ አይታወቅም። እናቷ ገና ሳታነበው ነው ሽፋኑን አቅፋ ያለቀሰችው።

ችግሩ፣ ያርሌኒስ አንብባዋለች።

ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠብቀው የኖረችው መጽሐፍ ነበር። አያቷ ሚስቱንና ልጆቹን ጥሎ ለምን እንደሄደ በጠየቀች ቁጥር ቤተሰቦቿ «አጎትሽ እየጻፈው ነው፤ ታነቢዋለሽ» ይሏታል። አነበበችው። አያቷ አንድ ቀን ጠዋት ጉም ሆኖ ተነነ ይላል። ቅድመ አያቷ ስታለቅስ ከዓይኗ ዓሣ ይወርዳል። ሁሉም ሰው ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል እንጂ የሚጣላ፣ የሚራብ፣ ልብስ የሚያጥብ የለም። ሦስተኛው ትውልድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስትነቃ ተናደደች።

ከሁሉ የባሰው የአክስቷ የኦዳሊስ ነገር ነው። በከተማቸው ሰው ሲሞት ዘጠኝ ሌሊት ይጸለያል፤ በዘጠነኛው ነፍሱ እንድትወጣ በር ይከፈታል። መጽሐፉ ውስጥ ቅድመ አያቷ በሞተች በዘጠነኛው ሌሊት፣ በሩ ሲከፈት ወጣቷ ኦዳሊስ ነጭ ወፍ ሆና በረረች። ከዚያ ወዲያ ስሟም አይነሳም።

እውነተኛዋ ኦዳሊስ ወጥ ቤት ዓሣ እየጠበሰች ነበር።

«አክስቴ፣ መጽሐፉን አንብበሽዋል?»

«አነበብኩት እንጂ።» ዓሣውን ገለበጠችው። «ቆንጆ ወፍ አደረገኝ አይደል?»

«ይደብራል እኮ! እውነት ያን ሌሊት ምን ስታደርጊ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ለጸሎቱ የተዋስነውን ወንበር ለየጎረቤቱ ስመልስ ነዋ! ወገቤ ሊቆረጥ ነበር።» ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ። «መሄድማ አስቤ ነበር። ባራንኪያ ከተማ ሄጄ ነርስነት ልማር፣ ሻንጣዬን ሁሉ አዘጋጅቼ። አባታችን የለ፣ እናቴ አልጋ ላይ ዋለች፣ ኤበርቶ ገና ሕፃን። ቀረሁ። እና አሁን በረረች ብሎ ከጻፈ፣ ያን ሁሉ ዓመት እዚህ የኖረው ማነው?»

ያርሌኒስ ጠጋ አለቻት። «ለምን አትነግሪውም?»

«ተይው፣ ደስ ብሎታል። ጥሩ አድርገሽ አንብቢለት፤ እንዳታሳፍሪው።»

በማግስቱ ግቢው በሰው ሞላ። ወንበሮቹ እንደተለመደው ከየጎረቤቱ የተለቃቀሙ ናቸው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ በሽቦ የታሰረ። ጠዋት ሙሉ ተሸክማ ያመጣቻቸው ኦዳሊስ ናት። ለራሷ ግን አልተረፋትም፤ ከኋላ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

ያርሌኒስ ማንበብ ጀመረች። «በሩ ተከፈተ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። አጎቷ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳስጠናት ያደረገች መስሎታል። ብስክሌት መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። ትወደዋለች።

መጽሐፉን ዘጋችው።

«አክስቴ ኦዳሊስ አልበረረችም» አለች። «ወንበር ስትመልስ ነበር።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ የሚያግዘው ሲያጣ ሳቁን አቋረጠ። ኤበርቶ ፊቱ ቀላ። ዞር ብሎ እህቱን ኦዳሊስን የፊተኛው ረድፍ ላይ ፈለጋት፣ ቀጥሎ መሃል ላይ፤ በመጨረሻ ግድግዳው ጋ አያት። ዓይኑን ከእሷ ላይ መንቀል አቃተው።

ያርሌኒስ ከመድረኩ ወርዳ ተቀምጣበት የነበረውን ወንበር አነሳችና ወደ ግድግዳው ወሰደችው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለች ኦዳሊስ በሹክሹክታ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ቁጭ በይ። ዛሬ የምመልሰው እኔ ነኝ። ይሄ የማን ነው?»

ኦዳሊስ ወንበሩን ዳበስ አደረገችና ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«የጎረቤታችን የብሪሂዳ ነው» አለች። «እግሩ ይወላልቃል፤ ስትሸከሚው ተጠንቀቂ።»