ከዛፍ ላይ የተፈታው ጥለት

ትሕትና ትባላለች፤ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ ናት። አሥር ዓመቷ ነው። ቤቷ ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማኔዎቹ ሰፈር ጀርባ ነው። አንቺ ከኋላ ያለሽው፣ ወሬሽን ተዪና ስሚ! ይህ ታሪክ ያስፈራል።

ከሰፈሯ በላይ የማኅበረሰቡ ደን አለ። ሰው ሁሉ በእግሩ እየሄደ ይናፈስበታል። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የላይኛው ወደ ሜዳው ይወስዳል። የታችኛው ግን ገደል አፋፍ ላይ ያበቃል። ስለዚህ አባባ ሾዴ የሚባሉ ሸማኔ በላይኛው መንገድ ዛፎች ላይ አምስት ቀይ የጥለት ቁራጮች አስረዋል። «ጥለቱን እያያችሁ ሂዱ» ይሉናል።

አንድ ቅዳሜ ትሕትና ብቻዋን እዚያ ደረሰች። ጥለቱን አይታ ጎመጀች። «ለሰኔ ሚካኤል ከበሯችንን ባስጌጥበትስ? ለእግዚአብሔር ቤት ምን ይሰሰታል?» አለች። አያችሁ? ስርቆት ነጠላ ለብሶ ሲመጣ! አምስቱንም ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ይዘን ወደ ደኑ ወጣን። አባባ ሾዴም አብረውን ነበሩ። ጉም መውረድ ጀመረ። የትሕትና ታናሽ ወንድም መሳይ ገና ስድስት ዓመቱ ነው። «እቀድማችኋለሁ!» ብሎ ሮጠ። እኛ መንገዱን በልማድ ስለምናውቀው ጥለቱ መኖር አለመኖሩን ልብ አላልንም። ሜዳው ላይ ስንደርስ መሳይ የለም።

«መሳይ! መሳይ!»

ጉሙ ዛፉን ሁሉ ዋጠው። እኔ መምህራችሁ የቀሩትን ልጆች አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

«ጥለቱን ያውቃል፤ ሜዳውን አልፎ ሽቅብ ሄዶ ይሆናል» አሉ አባባ ሾዴ። ሁላችንም ሽቅብ ሮጥን።

ትሕትና ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ብትናገር «ሌባ» ልትባል ነው። ባትናገር ደግሞ ወንድሟ ገደሉ ጋ ነው። ተመልሼ ክንዷን ያዝኳት።

«ምን ሆነሻል?»

«መምህር... ወደ ላይ አይደለም! ጥለቱን እኔ ፈትቼዋለሁ!» ብላ ጮኸች።

አባባ ሾዴ ይህን ሲሰሙ ቁልቁል ተፈተለኩ። መጀመሪያ ያገኘነው የመሳይን አንድ እግር ጫማ ነበር። ያኔስ አለቀ፣ ልጁን አጣነው ብዬ ነበር።

ወዲያው የለቅሶ ድምፅ ሰማን። መሳይ ከአፋፉ ሥር ቁጥቋጦ ጨብጦ ተንጠልጥሏል! አባባ ሾዴ በሆዳቸው ተኝተው ጋቢያቸውን ወረወሩለት።

«ያዘው የኔ ልጅ! ጠበቅ አድርገህ! ወደ ታች አትይ!»

እግራቸውን ይዘን አብረን ጎተትን። ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወጣ!

ትሕትና አባባ ሾዴ እግር ላይ ወደቀች። «ይቅር ይበሉኝ! ለከበሮው ብዬ ነው።»

«ልጄ፣ ብትጠይቂኝ ለከበሮው አዲስ እሠራልሽ ነበር» አሉ እያነሷት። «ይሄኛው ግን የሰው ነፍስ ይጠብቃል።»

በማግስቱ አምስቱንም በገዛ እጇ መልሳ አሰረች። መሳይ ቀሚሷን እንደያዘ አልለቀቀም።

በሰኔ ሚካኤል ዕለት ከበሯችን ያለ ጥለት ተመታ። መሳይ ግን ከፊት ቆሞ ዘመረ።

ልጆቼ፣ ለመንገደኛ ሁሉ የተቀመጠን ምልክት ለመልካም ነገርም ቢሆን አትንኩ፤ ካጠፋችሁ ደግሞ ሳይረፍድ ተናገሩ።