ክላክሱን የሰማ ሰው

ሽማግሌው የሞቱት በጠራራ ፀሐይ፣ ሞተሯ እየሠራ በተቆለፈች መኪና ውስጥ ነው። ልጃቸው ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ ገብቶ ሲመለስ፣ አባቱን ከሾፌሩ ጎን ካለው ወንበር ወደ መሪው ተደፍተው አገኛቸው። ኤሲው ይነፍሳል፤ የሚነፍሰው ግን የምድጃ አየር ነበር።

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም መኪናዋ የተሠራችበት ጋራዥ ግቢ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ይኸውና!» አለ ልጅየው፣ እጁ ወደ ኋላ በካቴና የታሰረውን የጋራዡን ኤሌክትሪሺያን እያመለከተ። «ኤሲውን ሠራሁ ብሎ አባቴን አስቀበረኝ!»

«አንተ ተናገር» አለችው መርማሪዋ ኤሌክትሪሺያኑን።

«አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኮምፕረሰር ኤሌክትሪክ አይደርሰውም ነበር፣ ኢንስፔክተር። ፊውዙ ደህና ነው። የተቃጠለው ኤሌክትሪኩን የሚለቅለት ሬሌ ነው፣ ይቺ የክብሪት ሳጥን የምታህለው ጥቁር ነገር። የክላክሱም ያው አንድ ዓይነት ስለሆነ ቀያየርኳቸው። ‹አዲስ እስክትገዙ ክላክስ የላችሁም› ብዬ ቦታቸውን ለእህቱ አሳይቻታለሁ። ኤሲው በረዶ ነበር፣ እውነቴን ነው!»

ምስኪን! ላቡን የሚጠርግበት እጅ እንኳ አልነበረውም።

መርማሪዋ ወደ ቢሮው ዘበኛ ዞረች። «አንተስ ምን ሰማህ?»

«ክላክስ ነዋ! ከዚያችው መኪና። ጆሮዬን አደነቆረኝ። አንዱ ጥጋበኛ ነው ብዬ ረገምኩት እኮ። አፌን በቆረጠው!»

«ሽማግሌው ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «በሩ በቀኝ ነው። ግራ እጃቸው ግን መሪው ላይ ይደርሳል። እና ክላክሱ ጮኸ። በተቃጠለ ሬሌ ክላክስ አይጮህም። ስለዚህ አንድ ሰው ደህናውን ወደ ክላክሱ መልሷል፤ የተቃጠለው ኤሲው ጋ ሄዷል። ቦታውን ከኤሌክትሪሺያኑ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ይህን ስትናገር እህትየውን ማየት አቅቷት መሬት መሬት ታይ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች እህትየው። «አባዬ ከሳንባ ምች ገና መነሳቱ ነው። ይሄ ወንድሜ ደግሞ ኤሲውን እስከ ጫፍ ይለቀዋል። ‹አባዬን በረደው፣ ተው› ብለው አይሰማኝ። ብነግረው ይስቅብኛል ብዬ በድብቅ ቀየርኩት። እንዳይበርደው ነው... አባዬን እንዳይበርደው!»

ወንድሟ ወደ እሷ ዞረ።

«አንተ ግን ቅርብ ነበርክ» አለችው መርማሪዋ። «ክላክሱን አልሰማህም?»

 ልጅየው ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ሰምቻለሁ» አለ። «የኛ መኪና ክላክስ አይሠራም ብዬ... እንዲያውም ‹ይሄን ሰውዬ ዝም የሚያሰኝልን ይጥፋ?› ብዬ ከቢሮው ሰዎች ጋር ስቄያለሁ።»

መርማሪዋ የኤሌክትሪሺያኑን ካቴና ፈታች። እሱም ቢሆን አልሄደም፤ እጁን እያሻሸ ቆሞ ቀረ።

«አንተን እኮ ነበር አባዬ የሚጠራው» አለች እህትየው ወንድሟን፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አብራው አለቀሰች።