ልኬን የሚያውቀው ሰው

ከባሌ ጋር የተዋወቅነው በሳቅ መሀል ነው። የሚሳቅብኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው። ሚዜዎቿ አንድ ዓይነት ቀሚስ እንድንለብስ ስለፈለገች ተሰብስበን ልብስ ሰፊ ቤት ሄድን። የምትለካን የሰፊው ረዳት ነበረች። ሜትሩን ወገባችን ላይ ታዞርና ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች። ተራዬ እንዳይደርስ ወደ ኋላ ወደ ኋላ አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወፍራም ነኝ። ቁጥሬ በሰው ፊት ሲጠራ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ዝም ይባላል፣ ከዚያ አንዷ ሳቋን ሳል ታስመስላለች።

ረዳቷ ግን እዚያም አልደረሰች። «ኧረ ሜትሩ አልበቃ አለኝ» አለች። ሁሉም ሳቁ። እህቴም ሳቀች።

ያኔ ከስፌት መኪናው ጀርባ አንድ ሰው ብድግ አለ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሽበት የጀማመረው ሰው። ሜትሩን ከረዳቷ እጅ ተቀብሎ በእጁ ወደ መጋረጃው አመለከተኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ቀስ ብሎ ለካኝ። አልጻፈውም፤ አልተናገረውም።

«ስንት ነው?» አልኩት አንገቴን ደፍቼ።

«ልክሽ የሚያስፈልገው ለኔ ነው» አለኝ። «ለአንቺ ምን ያደርግልሻል?»

እንደዚያ ያለ ደግ ነገር ከወንድ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የሰፋልኝ አረንጓዴ ቀሚስ ደግሞ ልክክ አለብኝ። በሠርጉ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ስንነሣ ከሰው ኋላ አልተደበቅሁም። ስለ ቀሚሱ ላመሰግነው ሄድኩ፤ ሌላ ቀን ቁልፍ ተበጠሰብኝ ብዬ ሄድኩ፤ ቁልፉን ራሴ ነበርኩ የበጠስኩት። ሲገባው ሳቀና «ሌላ ጊዜ ቁልፉን ተይው፣ ዝም ብለሽ ነይ» አለኝ።

ተጋባን። «የኔ ሙሉ» እያለ ይጠራኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሱ እጅ ያልወጣ ልብስ ለብሼ አላውቅም። ሱቅ ገብቼ ልብስ መለካት፣ «በአንቺ ልክ የለንም» መባል ቀረልኝ። ልብሴን ሱቁ ወስዶ የሚተኩስልኝም እሱ ነው። የምሠራው ውሃ መሥሪያ ቤት ስልክ ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ የጠፋበት ሰው ሲጮህብኝ ውዬ ስገባ የነገው ቀሚሴ ተተኩሶ በር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። የሥራ ጓደኞቼ ይቀኑብኝ ነበር።

እንዲህ እያለን ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ አለኝ። ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ ስኳር በሽታ ሊይዘኝ ጫፍ ላይ እንደደረስኩ ነገረኝ። እናቴ በምን እንደሞተች ጠየቀኝ። በስኳር አልኩት። እግሯ ተቆርጦ እንደነበር ግን አልነገርኩትም፤ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ወደድሽም ጠላሽም ክብደት መቀነስ አለብሽ፣ ጉልበትሽ ሩጫ ስለማይችል ብስክሌት ሞክሪ አለኝ።

የእህቴ ባል ቆሞ አቧራ የሚጠጣ ብስክሌት ነበረው፤ እሱን ሰጠኝ። መጀመሪያ ቀን ገና ከግቢ ሳልወጣ ወደቅሁ። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። ባሌ ጉልበቴን በአልኮል እየጠረገ «ምን አስጨነቀሽ የኔ ሙሉ? እኔ እንዲህ እንዳለሽ ነው የምወድሽ» አለኝ። ደስ አለኝ። ግን የእናቴ እግር ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ፤ በነጋታው እንደገና ወጣሁ።

ሚዛን አልወድም። ሚዛን ላይ የወጣሁ ቀን ወይ አልቅሼ እውላለሁ ወይ ሳላቋርጥ ስበላ እውላለሁ። ስለዚህ ለራሴ ሌላ ግብ ሰጠሁ። ለእህቴ ሠርግ የለበስኩት አረንጓዴ ቀሚስ ከጠበበኝ ቆይቷል። ዚፑ እላይ ድረስ የተዘጋልኝ ዕለት ለራሴ ሽልማት እሰጣለሁ አልኩ፤ ከከተማው ውጪ ሐይቅ አለ፣ እዚያ ድረስ በብስክሌት እሄዳለሁ። ባሌ በአውቶቡስ ይመጣል። ውሃው ዳር ካለው የእንግዳ ማረፊያ እናድራለን። ይህን ስነግረው ግንባሬን ሳመኝና እሺ አለ።

ሁሌ ጠዋት ከሥራ በፊት ነዳሁ። በባቡር ሐዲዱ አጠገብ ያለውን መንገድ ይዤ እስከ ድልድዩ፣ ከዚያ ከድልድዩ አልፌ እስከ ጡብ ፋብሪካው። ዳገቱን መጀመሪያ እየገፋሁ ነበር የምወጣው፤ ኋላ ላይ ኮርቻው ላይ ሆኜ መውጣት ቻልኩ። ጉልበቴ ቀለለኝ። ትንፋሼ ረዘመ። እየዘፈንኩ እገባ ጀመር።

ቀሚሶቼ ግን እንደጠበቡ ናቸው።

የሥራ ጓደኞቼ «ቀነስሽ እኮ!» ሲሉኝ ደስ ይለኝና ቤት ገብቼ ቀሚሴን ሳየው ወገቤን ቀስፎ ይዞኛል። ለባሌ ነገርኩት። «ሰው ሊያስደስትሽ ነው እንጂ ልብስ አይዋሽም» አለኝ ረጋ ብሎ። አመንኩት። ስለ ልብስ ከሱ በላይ ማንን አምናለሁ?

እራት መብላት ተውኩ። ቀጥሎ ምሳ ቀነስኩ። አሁንም ቀሚሱ ጠባብ ነው። ከመስታወት ፊት ቆሜ ሆዴን በቡጢ የመታሁበት ቀን አለ። ባሌ ከኋላዬ መጥቶ እጄን ያዘኝ፣ አቀፈኝ፣ አብሮኝ አለቀሰ። «ተይው በቃ... ለኔ ስትይ ተይው» አለኝ። ይሄ ሰው ይሄን ያህል የሚወደኝ ምን ሠርቼ ነው ብዬ ጸሎት አደረስኩ።

አልተውኩም። አንድ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ወጥቼ ድልድዩ ጋ ስደርስ ዓይኔ ጨለመ። የነቃሁት ሆስፒታል ነው። የእጄ አንጓ ተሰብሮ ጀሶ ገብቷል፤ ጥርሴም አንዱ ወልቋል። ባሌ አልጋዬ አጠገብ ነበር። ሾርባ በማንኪያ ያጎርሰኛል፣ ፀጉሬን ያበጥርልኛል። ነርሶቹ እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል እያሉ ይስቁ ነበር።

የምወጣ ቀን ሰማያዊ ቀሚሴን ተኩሶ አመጣልኝ። እህቴ ልታለብሰኝ ብትታገል ደረቴ ላይ አልዘጋ አለ። ለቀናት ሾርባ ብቻ ነበር የምጠጣው። «ተኝቼም ወፈርኩ» ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እህቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ባሌ ሲገባ ተወችው።

ጀሶው ከተፈታልኝ በኋላ አንድ ቅዳሜ እህቴ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ ዝናብ ደበደበኝና እንዳለ ረጥቤ ገባሁ። እህቴ ከቁምሳጥኗ አንድ ቀሚስ አውጥታ ሰጠችኝ። ሳቅሁ። እህቴ ድሮም ከኔ ግማሽ ናት፤ የሷ ልብስ በክንዴም አያልፍ።

«ሞክሪው እታለም» አለች። ስትናገር አልሳቀችም።

ቀሚሱ ያለ ችግር ገባልኝ። እንዲያውም ወገቤ ላይ ሰፋ።

መስታወት ፊት ቆምኩ። እህቴ ከኋላዬ መጥታ የሰፋውን ጨርቅ በጣቶቿ ያዘችና ያን ሆስፒታል ውስጥ ያልጨረሰችውን ነገር ጨረሰችው። ካወቅሁሽ ጀምሮ እንዲህ ከስተሽ አታውቂም፣ የታመምሽ መስሎኝ እፈራ ነበር፣ እንዴት ልብስ ይጠብሻል አለችኝ። ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ማንም አልነበረም፤ ባሌ ሱቁ ነው። ሰማያዊውን ቀሚስ ገልብጬ ስፌቱን አየሁት። የልብስ ሰፊ ሚስት ነኝ። ስፌት ሲተረተር መርፌው የወጋው ቀዳዳ ጨርቁ ላይ እንደሚቀር አውቃለሁ። ከአዲሱ ስፌት ጎን አንድ መስመር ቀዳዳ ነበር። ከሱ ጎን ሌላ። ከሱም ጎን ሌላ። በቀጠንኩ ቁጥር ባሌ ተከትሎ አጥብቦታል። ግራጫውን አየሁ፤ እንደዚያው። የሥራ ሸሚዜን፣ የቤት ጋውኔን። ሁሉንም።

አረንጓዴው ቀሚስም አልተረፈም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በምላጭ ተረተርኩት። በመጀመሪያው የቀዳዳ መስመር በመርፌ መልሼ ሰፋሁትና ለበስኩት። ዚፑ ያለ ምንም ችግር እላይ ድረስ ወጣ። ቀሚሱ ትከሻዬ ላይ እንደ ከረጢት ተንጠለጠለ። ግቤን ካለፍኩት ወራት ሆኖኛል። ሐይቁም፣ ሽልማቱም፣ ሁሉም የኔ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ሁሉ እየተራብኩ ሆዴን እደበድብ ነበር።

አረንጓዴውን እንደለበስኩ ሱቁ ሄድኩ።

ስፒል በአፉ ይዞ ኮት ሲሰፋ አገኘሁት። ቀና ብሎ ቀሚሱን አየ። ልብስ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ምንም መናገር አላስፈለገኝም። ስፒሉን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አንድ ብቻ ነበር» አለ። «መጀመሪያ አንዱን ቀሚስ ብቻ... ከዚያ ማቆም አቃተኝ።»

ለምን አልኩት። ከኔ በፊት ሚስት እንደነበረችው አውቃለሁ፤ ጥላው እንደሄደችም። ስለሷ ግን አውርቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን አወራ። ወገቧ ቀጭን ነበር፣ መንገድ ስትሄድ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል አለ። «የሄደችበትን ቀሚስ የሰፋሁላት እኔ ነኝ» አለ። እኔን ሲያይ ደግሞ ልቡ አረፈ፤ ይህችስ የትም አትሄድም አለ። ከዚያ ብስክሌቱ መጣ። እየዘፈንኩ ስገባ፣ ጉንጬ ቀልቶ ስስቅ ሲያይ እንቅልፍ አጣ።

ለካ መጋረጃው ጀርባ ሲለካኝ ያየው የማትሄድ ሴት ነበር። እኔ ደግሞ የተከበርኩ መስሎኝ ነበር።

«ሐኪሙ ያለኝን ሰምተሃል» አልኩት። «እናቴ እንዴት እንደሞተች ታውቃለህ። ተርቤ ስወድቅ፣ ጥርሴ ሲወልቅ፣ አጠገቤ ሆነህ ሾርባ ታጎርሰኛለህ፤ ዞረህ ደግሞ የምወጣበትን ቀሚስ ታጠብባለህ? ብሞትስ?»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ስፒሎች በጣቱ ደረደራቸው። ከዚያ ቀና ብሎ በእነዚያ ደግ ዓይኖቹ አየኝ። የተናገረው ክፋት ሊናገር ፈልጎ አይመስለኝም። እውነቱን ነው የነገረኝ።

«ብትሞቺ እቀብርሻለሁ» አለኝ። «አለቅሳለሁ፣ የኔ እንደሆንሽ ትቀሪያለሽ። ብትሄጂ ግን... ብትሄጂ ምን አደርጋለሁ?»

ያን ዕለት እህቴ ቤት አደርኩ። ከዚያም አልተመለስኩም።

ሽልማቴን ወሰድኩ። እጄ ሲጠነክርልኝ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ በብስክሌት ሐይቁ ድረስ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ማረፊያው ቤት የተሰጠኝ አልጋ የሁለት ሰው ነበር። ደርሼ እጮኻለሁ፣ እስቃለሁ ብዬ ነበር፤ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ እጄ ባዶውን ቦታ ሲፈልገው አገኘሁት። ከዚያ ሁሉ በኋላ ባሌ ናፈቀኝ። ይሄን ስነግራቸው ሰዎች ይቆጣሉ። ይቆጡ። የበደለኝ ሰውና የናፈቀኝ ሰው አንድ ሰው ነው፤ ለያይቼ አንዱን ብቻ መጥላት አልቻልኩም።

ታላቅ እህቱ ልታስታርቀን መጣች። ሌላ ሰው ጋ አልሄደ፣ አልመታሽ፣ አልሰከረብሽ፣ በቀሚስ ትዳር ይፈርሳል ወይ አለችኝ። ማስረዳት ሞክሬ ነበር። ግን ደከመኝ። ሻይ አቅርቤላት ሸኘኋት።

ለፍቺው ፍርድ ቤት ስንቀርብ ዳኛዋ ምክንያቱን ጠየቁን። እኔ ሳልናገር እሱ ቀደመና «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። አንድም ነገር አልደበቀም። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ ከዚያ ፈረሙ።

ስንወጣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ብስክሌቴን ከአጥሩ ፈታሁት። እሱ አልሄደም። ሻሼን እስካስር ብስክሌቱን ደግፎ ያዘልኝ። በጣም ከስቷል። ኮቱ ሰፍቶታል። ያጠበበለት ሰው የለም።

«ቀስ ብለሽ ንጂ» አለኝ። «መንገዱ ያንሸራትታል።»

እሺ አልኩት። ብስክሌቱን ለቀቀልኝና ሄድኩ። እያለቀስኩ አደባባዩን ዞርኩ፤ የመኪናዎቹ መብራት ሁሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ዳገቱ መጣ። ማልቀስና ዳገት መውጣት አብሮ አልሆን አለኝ፤ ትንፋሼ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው።

ለዳገቱ ሰጠሁት።