ፍላሹ የበራ ዕለት

ነጭ ብርሃን ቦግ ብሎ ጠፋ። ራድካ ጣቷን ከካሜራው ላይ ሳታነሳ የበረዶ ሆኪዋ የጎማ ዲስክ መረቡ ውስጥ ገብታ ነበር። ግብ ጠባቂው ቲሞ ግራ እጁን ከፍ እንዳደረገ ቀርቷል፤ ዲስኳን ገና ከአየር ላይ ሊቀልባት የሚጠብቅ ይመስላል። የእንግዳው ቡድን ልጆች ዱላቸውን ጥለው ሲተቃቀፉ ነው ዞር ብሎ ከኋላው ያያት።

ጨዋታው በዚያች ጎል አለቀ። ከመቀመጫው ሆኖ በስልኩ ፎቶ የሚያነሳ ወላጅ ስለማይጠፋ ብልጭታውን ልብ ያለው አልነበረም። ራድካ ግን ክው አለች። ያበራችው እሷ ናት።

በበረዶ ሆኪ አዳራሽ ፍላሽ ማብራት ነውር ነው። መብራት ስለተወደደ ከመኸር ወዲህ ከጣሪያው አምፖሎች ግማሾቹ አይበሩም፤ ተጫዋቾቹም ፎቶ ላይ የከሰል ጆንያ መስለው ይወጣሉ። የክለቡን ካሜራ ያስረከቧት ፎቶ አንሺው ጋሽ ኦንድሬይ፣ ጨለማውን ቻዪው እንጂ ልጅ ዓይን ላይ እንዳታበሪ ብለው ፍላሹን በገዛ እጃቸው በፕላስተር አሽገውት ነበር። ታናሽ እህቷን ልደቷ ላይ ፎቶ ለማንሳት ፕላስተሩን ላጠችውና መልሳ መለጠፉን ረሳች። ዛሬ ደግሞ ፎቶው ሁሉ ሲጠቁርባት ተናደደችና ካሜራው ሁሉን በራሱ እንዲመርጥ አደረገችው። እሱም ጨለማ ሲያይ ፍላሹን መረጠ።

ከመልበሻ ክፍሉ በር ውጭ ቆማ ሰማች። ቲሞ መብራት ዓይኑን እንደመታው እየተናገረ ነው። ኮች ሁዳክ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«መሸነፍን እችለዋለሁ፤ ሰበብ ግን አልወድም» አሉ። «ቅዳሜ ጎሉ ላይ በአንተ ቦታ ፊሊፕ ነው የሚገባው።»

ቅዳሜ የክልሉ ምርጥ ቡድን መራጮች የሚመጡበት ቀን ነው። ቲሞ ይህን ቀን ሲያልም መክረሙን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ራድካ ቤቷ ገብታ ፎቶውን ከፈተችው። በረዶው እውነትም ነጭ ነው። ጎሉን ካገባው ልጅ ጫማ ሥር የተረጨው ብናኝ አንድ በአንድ ይታያል፤ ከራስ ቁሩ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ደግሞ የቲሞ ዓይኖች ጭፍን ብለዋል። እንዲህ ያለ ፎቶ አንስታ አታውቅም። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ራሷን ጠላች።

ብትናገር ካሜራው ይወሰድባታል። ከሜዳው መስታወት ላይ ለፎቶ አንሺ በተቆረጠችው ቀዳዳ አጠገብ ለመቆም ሁለት ክረምት የጋሽ ኦንድሬይን ቦርሳ ተሸክማለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእሷ ግን ነገሩ እያደር ከበዳት።

ትምህርት ቤት ልጆቹ ሙድ ያዙበት። ቲሞ በኮሪደር ሲያልፍ የስልካቸውን መብራት ፊቱ ላይ እያበሩ «አቦ ተጠንቀቅ፣ ጎል እንዳይገባብህ» ይሉታል። መጀመሪያ ላይ አብሯቸው ሊስቅ ሞከረ። ማክሰኞ ግን ሻይና ፓፒ የሚባል ጥቁር ፍሬ የተነሰነሰበት ዳቦውን ይዞ ለብቻው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ አገኘችው።

ኮቹ አንድ ዕድል ሰጥተውታል። ሐሙስ ልምምድ ላይ በጓደኞቹ ፊት፣ መብራት አልነበረም፣ ሰበብ ፈልጌ ነው ካለ ቅዳሜ ይሰለፋል።

«ያላደረግኩትን አደረግኩ ማለት ይከብደኛል» አላት። «ግን ሁሉም አላየሁም ሲል የማየው ነገር ሁሉ ያጠራጥረኝ ጀመር። አንቺ ቀዳዳዋ ጋ ነበርሽ። መብራት አይተሻል?»

«አላየሁም።»

ቃሉ ሳታስበው አፈትልኮ ወጣ። ቲሞ አንገቱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው እኔው ነኝ» አለ። ከዳቦው ግማሹን ቆርሶ ሰጣት፤ ተቀብላ ያዘችው እንጂ መብላት አልቻለችም።

ሐሙስ አዳራሹ እንደወትሮው ደብዛዛ ነበር። ልጆቹ በሜዳው መሀል ኮቹን ከበው በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ቲሞ ብቻ ቆሟል፤ የራስ ቁሩን አውልቆ ብብቱ ሥር ይዞታል። ጸጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። ራድካ በቀዳዳዋ በኩል ሌንሱን አነጣጥራ ፊቱን ስታቀርበው፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን አየች። የሚለውን እያጠና ነው።

«እሺ ቲሞ፣ እንስማ» አሉ ኮቹ።

ራድካ የሜዳውን በር ከፍታ ገባች። በተራ ጫማ በረዶውን መርገጥ ክልክል ነው፤ ትናንሾቹ እንኳ ያውቁታል። ሁለቴ አዳለጣት። አንዱ ልጅ ሳቀ፣ ሌላው «ይቺ ልጅ አበደች እንዴ?» አለ። ኮቹ ተመለሺ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጧት፤ እሷ ግን ዓይኗን ቲሞ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ሄደች።

አጠገቡ ስትደርስ ካሜራውን አበራችና ማሳያውን ወደ እሱ አዞረች።

«መብራት ነበር» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ያበራሁት እኔ ነኝ።»

ቲሞ ፎቶውን አየው። የተጨፈኑትን የራሱን ዓይኖች ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቀና አለ።

«ማክሰኞ ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀኸኛል።»

ራድካ ማንገቻውን ከአንገቷ አውልቃ ካሜራውን ለኮቹ ሰጠቻቸው።